አንድ ኮድ፣ ብዙ እጅ፦ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሥራ እንዴት ይመራል?

በዚህ እትም ስለ ኮምፒውተር ብንጽፍም፣ ነገራችንን የምንጀምረው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ነው።

ባለፈው ተርም ለማታው ክፍል የሳይንስ ማስታወሻ ለማዘጋጀት ሦስት መምህራን ሆነን ተነሳን። ምዕራፎቹን ተከፋፈልን፣ ፋይሉን በየፍላሻችን ገልብጠን ሄድን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንገናኝ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ሦስት ፋይሎች ተቀምጠዋል፦ «ሳይንስ የመጨረሻ»፣ «ሳይንስ የመጨረሻ 2» እና «ሳይንስ እውነተኛው የመጨረሻ»። የትኛው ነው የመጨረሻው? እኛም አላወቅንም። ከመካከላችን አንዱ፣ ደም ቅዳና ደም መልስ ተገላብጠው የተጻፉበትን ገጽ አርሞ ነበር። ሌላው ደግሞ ሳያውቅ አሮጌውን ፋይል ደረበበት። የታተመው አሮጌው ሆነ። ተማሪዎቻችን የተሳሳተውን ሸምድደው ፈተና ገቡና ነጥብ አጡ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም፣ የእኛ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ሰው አንድ ማስታወሻ በሥርዓት መጻፍ ካቃተው፣ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ፣ ተያይተው የማያውቁ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አንድን ሶፍትዌር እንዴት አድርገው አብረው ይሠራሉ? ይህን ጥያቄ ይዘን ስናነብና ስንጠያየቅ ያገኘነውን እነሆ ለእናንተ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ክፍት ምንጭ ማለት ምን ማለት ነው?

ማንኛውም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ምንጭ ኮድ ይባላል። ብዙ ኩባንያዎች ምንጭ ኮዳቸውን ቆልፈው ይይዙና ለእኛ የሚሸጡልን ማሽኑ ብቻ የሚረዳውን ቅጂ ነው። ክፍት ምንጭ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ግን ምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም የተሰጠ ነው። ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊቀይረው፣ ለሌላ ሊያካፍለው ፈቃድ አለው። ሊኑክስ፣ ፋየርፎክስ፣ ሊብሬኦፊስ፣ ያለ ኢንተርኔት ለማስተማር የሚያገለግለው ኮሊብሪ፣ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ተማሪዎች ይሳሳታሉ። «ማንም ሊቀይረው ይችላል» ሲባል፣ ማንም ገብቶ ዋናውን ቅጂ ያበላሸዋል ማለት ይመስላቸዋል። አይደለም። ማንም ሰው ሊቀይር የሚችለው የራሱን ቅጂ ነው። የእሱ ለውጥ ሁሉም ወደሚጠቀምበት ዋና ቅጂ እንዲገባ ከፈለገ ማቅረብ፣ ማስረዳትና ማስፈቀድ አለበት። የሚፈቅዱት ሰዎች በእንግሊዝኛ ሜንቴይነር ይባላሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ጠባቂ» እንላቸዋለን።

ሊኑክስ፦ ከአንድ ተማሪ የተነሳ ሥራ

ነገሩን በደንብ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በነሐሴ 1991 በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ፣ ለራሱ ኮምፒውተር የሚሆን ሥርዓተ ክወና እየሠራ መሆኑን በኢንተርኔት አስታወቀ። ያን ጊዜ ኮዱ ወደ አሥር ሺህ መስመር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። አንድሮይድ ስልኮች ሁሉ የሚንቀሳቀሱት በሊኑክስ ከርነል ነው፣ ማለትም በሥርዓተ ክወናው እምብርት። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣን የሚባሉት 500 ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩትም በእሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ቀላል ነበር። ሰዎች «ፓች» የሚባል የለውጥ ጽሑፍ በኢሜይል ይልካሉ፣ ሊኑስ ያነባል፣ ከወደደው ያስገባል። ፓች ማለት «ይህን መስመር አውጣ፣ በቦታው ይህን አስገባ» የሚል አጭር ፋይል ነው። ሙሉውን ኮድ ሳይሆን ልዩነቱን ብቻ ስለሚይዝ በደካማ ኔትወርክም ይላካል፣ ለማንበብም ይቀላል።

ሰው እየበዛ ሲሄድ ግን አንድ ሰው ሁሉን ማንበብ አቃተው። በ1998 ፓቾች ሳይታዩ እየጠፉ፣ ላኪዎች ደጋግመው እየላኩ፣ እሱም እየተበሳጨ ከባድ ጭቅጭቅ ተነሳ። ችግሩ የስንፍና አልነበረም። አንድ በር፣ አንድ በረኛ፣ በጣም ብዙ እንግዳ። መፍትሔው ሥራውን በየዘርፉ ለጠባቂዎች ማከፋፈል ሆነ።

ጠባቂዎቹ እነማን ናቸው?

ዛሬ የሊኑክስ ከርነል በብዙ ዘርፎች ተከፋፍሏል። የኔትወርክ ክፍል አለ፣ የፋይል ማስቀመጫ ክፍል አለ፣ የድምፅ፣ የስክሪን፣ የዩኤስቢ ክፍል አለ። እያንዳንዱ ዘርፍ ጠባቂ አለው። አንዳንዱ ዘርፍ ሰፊ ስለሆነ በሥሩ ሌሎች ጠባቂዎች አሉት። ከኮዱ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ትልቅ የስም ዝርዝር ፋይል አለ። በዚህ ፋይል ውስጥ የትኛው የኮዱ ክፍል የማን ኃላፊነት እንደሆነ፣ ጠባቂው በየትኛው ኢሜይል እንደሚገኝና ክፍሉ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ተጽፏል።

ስለ ሁኔታው የሚሰጡት ስያሜዎች እኛን በጣም ነው የገረሙን። ደመወዝ እየተከፈለው የሚጠብቀው ሰው ያለው ክፍል አንድ ስያሜ አለው። በበጎ ፈቃድ የሚጠበቀው ሌላ፣ ጠባቂው ጊዜ ሲያገኝ ብቻ ብቅ የሚልበት ሌላ። ማንም የማይጠብቀው ክፍል ደግሞ «ወላጅ አልባ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ስድብ ወይም ክስ አይደለም። «እዚህ ሰው የለም፣ የሚችል ይምጣ» ብሎ በግልጽ መናገር ነው። በእኛ ዘንድ ስንት ሥራ አለ፣ ባለቤት ያለው እየመሰለ ባለቤት የሌለው?

አንድ ለውጥ ከላኪው እስከ ዋናው ቅጂ

አሁን አንዲት ተማሪ የላፕቶፗ ዋይፋይ እየተቋረጠ አስቸገራት እንበል። ኮዱን አነበበች፣ ስህተቱን አገኘች። ከዚያ በኋላ ምን ታደርጋለች?

አንደኛ፣ ችግሩ በአዲሱ ቅጂ ላይም መኖሩን ታረጋግጣለች። ምናልባት ሌላ ሰው አርሞት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለውጧን ትንሽ ታደርጋለች። ደንቡ አንድ ፓች አንድ ነገር ብቻ ያርማል የሚል ነው። በመንገዷ ላይ ሌላ ስህተት ብታይ እንኳ ለብቻው ትልካለች እንጂ አትቀላቅልም። ምክንያቱም አንዱ ለውጥ ችግር ቢያመጣ፣ ሌላውን ሳይነኩ እሱን ብቻ መልሶ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ማብራሪያ ትጽፋለች። ምን እንደቀየረች ከኮዱ ይታያል። ከኮዱ የማይታየው ለምን እንደቀየረች ነው። ችግሩ ምን ነበር? መቼ ይከሰታል? መፍትሔው ለምን ይሠራል? ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ይህን ማብራሪያ አንብቦ ይረዳል።

አራተኛ፣ ስሟን ትፈርማለች። ይህ ፊርማ «ይህን ሥራ የማቅረብ መብት አለኝ፣ ከማንም አልሰረቅሁትም» የሚል የምስክርነት ቃል ነው። ደንቡ የመጣው በ2004 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ኩባንያ «በሊኑክስ ውስጥ የእኔ ኮድ ገብቷል» የሚል ክርክር አንስቶ ስለነበር፣ እያንዳንዱ መስመር ከማን እንደመጣ የሚያሳይ መዝገብ አስፈለገ።

አምስተኛ፣ ለትክክለኛው ጠባቂ ትልካለች። ለሊኑስ አትልክም። ከዝርዝሩ ውስጥ የዋይፋዩን ክፍል ጠባቂ ትፈልጋለች። ይህን የሚፈልግላት ትንሽ ፕሮግራምም ተዘጋጅቷል። ኢሜይሉ የሚላከው በስውር ሳይሆን ሌሎችም በሚያዩበት መንገድ ነው።

ስድስተኛ፣ አስተያየት ትቀበላለች። «ይህ መስመር አልገባኝም»፣ «በሌላ ማሽን ላይ ሞክረሽዋል?»፣ «ይህን በሌላ መንገድ አድርጊው» ይሏታል። አርማ ሁለተኛ እትም፣ አንዳንዴም አምስተኛ፣ ስድስተኛ እትም ትልካለች። በመጀመሪያው ጊዜ የሚያልፍ ጥቂት ነው። ኮዱን ያነበበው፣ የሞከረው፣ ችግሩን መጀመሪያ የጠቆመው ሰው ሁሉ ስሙ ከለውጡ ጋር አብሮ ይመዘገባል። ኮድ ያልጻፈ ሰው እንኳ ድካሙ አይረሳም ማለት ነው።

በመጨረሻ ጠባቂው ተቀብሎ የራሱን ፊርማ ይጨምርበታል። ከእሱ ወደ ዋይፋይ ዘርፍ ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ ኔትወርክ ዘርፍ፣ ከዚያ ወደ ሊኑስ ይሄዳል። ሊኑስ እያንዳንዱን መስመር አያነብም፣ ሊያነብም አይችልም። የሚያምነው ሰዎቹን ነው። እነሱም በተራቸው ከሥራቸው ያሉትን ያምናሉ። ይህ እምነት በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም። ለዓመታት ጥሩ ሥራ ከማቅረብና ስህተትን ሳይደብቁ ከማረም የሚመጣ ነው።

የጊዜ ሰሌዳው

አንድ አዲስ የሊኑክስ እትም በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሩ ክፍት ነው፣ ጠባቂዎች ያጠራቀሙትን አዲስ ሥራ ያስገባሉ። ከዚያ በሩ ይዘጋል። በቀሩት ሰባት ስምንት ሳምንታት የሚገባው የስህተት እርማት ብቻ ነው። በየሳምንቱ የሙከራ እትም ይወጣል፣ ሰዎች ይሞክሩታል፣ ይታረማል። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ የሁሉም ዘርፎች ሥራ ቀድሞ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ እርስ በርስ ይጋጭ እንደሆነ የሚታይበት የመለማመጃ ቅጂ አለ። ግጭቱ ከሠርጉ ቀን በፊት ይታወቃል እንደማለት ነው።

በአንድ እትም ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ለውጦች፣ ከ1,500 በላይ ከሆኑ ሰዎች ይገባሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ለምን አይጋፋም? አውቶቡሱ በሰዓቱ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። ሥራዬ ዛሬ ካልደረሰ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ አለ። ስለዚህ ያላለቀ ሥራ በግድ ለማስገባት ምክንያት የለም።

አንድ ጥብቅ ደንብም አለ። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም በአዲሱ ለውጥ ምክንያት መሥራት ማቆም የለበትም። ለውጡ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ የተጠቃሚውን ሥራ ካበላሸ ይታረማል ወይም ተመልሶ ይወጣል።

ጊት የተባለው መሣሪያ

ከ2002 ጀምሮ የሊኑክስ ሰዎች ለውጦችን ለመቆጣጠር ቢትኪፐር የተባለ የአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር በነፃ ይጠቀሙ ነበር። በ2005 ኩባንያው ነፃ ፈቃዱን አነሳ። ሊኑስም በሚያዝያ ወር ሌላውን ሥራ አቁሞ ጊት የተባለውን የራሱን መሣሪያ ጻፈ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ ታሪክ መመዝገብ ጀመረ።

ጊት ምን ያደርጋል? እያንዳንዱን ለውጥ ከነባለቤቱ፣ ከነቀኑና ከነማብራሪያው ይመዘግባል። «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚል ፋይል አያስፈልግም፣ የትኛው ከየትኛው እንደቀጠለ ይታወቃል። ሁለት ሰዎች የተለያየ ቦታ ቢቀይሩ ራሱ ያዋህዳል። ሁለቱም አንድ መስመር ከቀየሩ ግን በራሱ አይወስንም። «እዚህ ተጋጭታችኋል፣ ተነጋገሩ» ብሎ ይቆማል። እኛ ያን ጊዜ ይህ ቢኖረን ኖሮ ደም ቅዳና ደም መልስ ባልተገላበጡብን!

ለካምፕ ሰው የሚጠቅም ሌላም ነገር አለው። ጊት ሲጠቀሙ እያንዳንዱ ሰው ሙሉውን ታሪክ በራሱ ኮምፒውተር ይይዛል። ስለዚህ ኢንተርኔት ሳይኖር መሥራት፣ መመዝገብ፣ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይቻላል። ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል፣ ካልተገኘም በፍላሽ ተሸክሞ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማድረስ ይቻላል።

«አይሆንም» ማለትም ሥራ ነው

አንዳንድ ተማሪዎች «ሰው በነፃ ሥራ ሲያመጣ ለምን ይከለከላል?» ብለው ጠይቀውናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ለትምህርት ቤት ጄኔሬተር በስጦታ ቢያመጣ ደስ ይላል። ግን ነዳጁን ማን ይገዛል? ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ሰጪው ከሄደ በኋላ ጄኔሬተሩ የእኛ ነው። ኮድም እንዲሁ ነው። ላኪው ነገ ሊጠፋ ይችላል፣ ጠባቂው ግን ለዓመታት ያን ኮድ ይሸከማል። ስለዚህ «ይህ ጥሩ ነው፣ ግን ልንሸከመው አንችልም» ማለት ንፉግነት አይደለም።

የሚያጣላው ብዙ ጊዜ እምቢታው ሳይሆን አነጋገሩ ነው። ሊኑስ ራሱ ለብዙ ዓመታት በሻካራ ኢሜይሎቹ ይታወቅ ነበር። በመስከረም 2018 በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ራቀ። በዚያው ሰሞን ፕሮጀክቱ አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቀ። እሱ ባልነበረበት ጊዜ ግሬግ ክሮህ ሃርትማን የተባለው ጠባቂ ሥራውን ተረክቦ የጥቅምቱን እትም አወጣ። መሪው ሳይኖር ሥራው አልቆመም።

ጠባቂው ቢደክም ወይም ቢሄድስ?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ቅርብ ነው። በካምፕ ውስጥ ሰው ዛሬ አለ፣ ነገ ፕሮሰሱ ያልቅና ይሄዳል። ደስ ብሎን እንሸኘዋለን። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቀው እሱ ብቻ እንደነበር ትዝ ይለናል። በእኛም ላይ ደርሷል።

በክፍት ምንጭ ዓለም ይህን በደህና የተወጡት አሉ። ሊኑስ ጊትን ከጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሐምሌ 2005፣ ጁኒዮ ሃማኖ ለተባለ ባለሙያ አስረከበው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም ደግሞ በሐምሌ 2018 በአንድ ከባድ ክርክር ማግስት ከመሪነቱ ወረደ። ሥራው ግን አልተበተነም። የፓይተን አባላት ተወያይተው፣ በ2019 አምስት ሰዎች ያሉት የአመራር ምክር ቤት በድምፅ መረጡ።

ክፉ ታሪክም አለ። ኤክስዜድ የተባለው ፋይል የሚያሳንስ ትንሽ መሣሪያ በብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት በዋናነት የተሸከመው ግን በትርፍ ጊዜው የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። በሐሰት ስም የቀረበ አንድ «ረዳት» ከሁለት ዓመት በላይ ጥሩ ጥሩ ፓች እየላከ እምነት አተረፈ። ማንነታቸው የማይታወቅ ሌሎችም «ሥራው ዘገየ፣ ሰው ጨምር» እያሉ የደከመውን ጠባቂ ጎተጎቱት። እሱም ሥልጣኑን አካፈለ። በ2024 መጀመሪያ ያ «ረዳት» ለሰርጎ ገቦች የሚከፈት ስውር በር በኮዱ ውስጥ አስገባ። ያተረፈን አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ነው። ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲመረምር ስውሩን በር አገኘውና በመጋቢት 29 ቀን 2024 ለሁሉም አስታወቀ። የተበከለው እትም ገና በሰፊው አልተሠራጨም ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛ፣ ለሁሉም የሚጠቅም ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲጣል፣ ሰውየው ይደክማል፣ ሥራውም ለአደጋ ይጋለጣል። ሁለተኛ፣ ኮዱ ክፍት መሆኑ ብቻውን አይበቃም፣ የሚያየው ዓይን ያስፈልገዋል።

ከዚህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? እኛ ግን ሎሚውን ተከፋፍለን፣ ማን ስንት እንደያዘ ሳንመዘግብ ነበር የሄድነው። በመሆኑም ለትምህርት ማስታወሻዎቻችን የሚከተለውን ተስማምተናል።

1. እያንዳንዱ ማስታወሻ አንድ ጠባቂና አንድ ምትክ ይኖረዋል። ምትኩ ፋይሉ የት እንዳለና የይለፍ ቃሉን ያውቃል።

2. ዋናው ቅጂ አንድ ነው፣ የሚቀመጠውም በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነው። ማንም መምህር ወይም ተማሪ እርማት ማቅረብ ይችላል፣ ወደ ዋናው የሚያስገባው ግን ጠባቂው ነው።

3. እርማት የሚያቀርብ ሰው ገጹን፣ የሚቀየረውንና ምክንያቱን ይጽፋል። ለጊዜው በደብተር እንጀምራለን፣ ጊትን ደግሞ ከኮምፒውተር ክፍል ተማሪዎች ጋር እንለማመዳለን።

4. ከፈተና በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የስህተት እርማት ብቻ እንጂ አዲስ ነገር አይገባም።

5. ስህተት ያገኘ ተማሪ ስሙ በማስታወሻው የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፋል። ደም ቅዳና ደም መልስ መገላበጣቸውን ከፈተናው በኋላ ተከራክራ ያሳየችን ተማሪ ስሟ የመጀመሪያው ሆኗል።

የጠባቂዎቹን ዝርዝር በቢሮው በር ላይ ለጥፈናል። ሳይንስና እንግሊዝኛ ጠባቂም ምትክም አግኝተዋል። ሂሳብ ጠባቂ አለው፣ ምትክ የለውም። የጂኦግራፊው መምህራችን ባለፈው ወር ፍላይት ወጥቶለት ስለሄደ፣ በእሱ ረድፍ ላይ «ወላጅ አልባ» ብለን ጽፈናል። የምትችሉ መምህራን፣ ከፍ ያላችሁ ተማሪዎችም ጭምር፣ መጥታችሁ ስማችሁን ሙሉበት። ማስታወሻውን በአንድ ጊዜ መጨረስ አይጠበቅባችሁም። አንድ ምዕራፍ አንብቦ ስህተቱን መጠቆምም መጀመሪያ ነው።